የቅዳሜ ወንፈል

ሚያዝያ ሊወጣ ሲል፣ በብራንደን ከተማ፣
አጥር ሥር የቀረው አሮጌ በረዶ
ጠቁሮ ተቀምጧል፣ ሂድ ሲሉት ላይሰማ፤
ወንዙ ግን ተነሥቷል፣ መስኩን ሁሉ ወስዶ።

ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ
ሰባት ሰው ቆመናል ወይዘሮ ዶሪን ደጅ፤
ጓንት ከታደለ፣ ሰደርያ ከተለበሰ ኋላ
«ከፍታ የማይፈራ?» ስትል ማሪቪክ፣ ወጣ አንድ እጅ።
የኔ ነበር። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤
እኔ አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ
ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ለሚስቴም አልነገርኩም።

የመሰላሉን እግር ኤልመር ያዘልኝ።
በሥጋው ፋብሪካ፣ ከአንድ መስመር ላይ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ስንቆም፣
ጆሯችን ተደፍኖ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣
ከአንገት ሰላምታ አልፈን አናውቅም።
ዛሬ ግን ከታች ሆኖ «አለሁ፣ ውጣ» አለኝ።
ስድስት ዓመት ሙሉ!
ድምፁ ቀጭን እንደሆነ አሁን ገና ሰማሁ።

አሸንዳው ውስጥ ምን የለ፦
የሦስት ዓመት ቅጠል፣ በስብሶ ተጋግሮ፣
የወፍ ጎጆ ፍራሽ፣ ፀጉሩ የረገፈ የቴኒስ ኳስ፣
በቅጠሉም መሃል፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ፣
አንድ የሕፃን ጓንት፣
እንደሚጠይቅ ተማሪ።
እፍኝ እፍኙን ዘግኜ ባልዲው ውስጥ ጣልኩት፤
ጓንቷን ግን አልጣልኩም፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ታራስ መስኮት ያጥባል፤ ከመስተዋቱ ወዲያ
የቤቱ ድመት ቆማ ጨርቁን በመዳፏ ትመታለች።
በረንዳውን የሚፍቁት ከነጩ ሥር አረንጓዴ፣
ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ቢጫ አገኙ፤ ደማቅ፣ የሚጮህ ቢጫ።
«እሱ የአውቶቡስ ቀለም ነው» አለች ወይዘሮ ዶሪን፣
ከወንበሯ ሳትነሣ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣
«ከጋራዡ የተረፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፣
የተማሪ አውቶቡስ። አንድም ልጅ ጥዬ አልሄድኩም።»
ከዚያም ወደኔ ቀና ብላ፦ «የግራው ጥግ ቀርቷል።»

እዚያ ላይ ተንጠልጥዬ አንድ ነገር አሰብኩ፤
(ሰው ሲፈራ ያስባል።)
ደቦ ቢሆን ኖሮ ጠሪው ይደግሳል፤
ወንፈል ቢሆን ደግሞ ብድሩ ይመለሳል፣
ዛሬ ላንተ ያረምኩ፣ ነገ ለኔ ታርማለህ።
ይኼኛውስ ምን ይባል? ድግሱ አንድ ካርቶን ዶናት፣
ብድሩስ? ሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ዳሌዋ ብረት፣
እኔ ቤት መጥታ ጣራ ልትወጣልኝ ነው?
ሳቄ መጣ። መሰላሉ ተነቃነቀ።
«አለሁ» አለ ኤልመር።

ስድስት ሰዓት ላይ ወረድኩ፣ ጉልበቴ እየራደ።
ጓንቷን አጥሩ ላይ ሰካኋት፤ እጄን ታጥቤ ስመለስ የለችም፤
የማን ልጅ እንደወሰዳት አላየሁም።
ከሜዳው ነፋስ መጣ፣ በረዶ በረዶ የሚሸት።
ጃኬቴን ከደረጃው መደገፊያ አንሥቼ ለበስኩ፣
እንደ ልማዴም ደረቱን በእጄ ጨብጬ ያዝኩ፤
ዚፑ ከኅዳር ወዲህ አይሠራም። ክረምቱን ሙሉ
የሌሊት አውቶቡስ የጠበቅኩት እንዲህ ነው፣ ራሴን አቅፌ።
ጣቴ ግን ሳላዘው ዚፑን ሳበ፤
ሽር ብሎ ሄደ። እስከ አገጬ።

ዞር አልኩ። ወይዘሮ ዶሪን መንገዱን ታያለች፣
የሚመጣ መኪና የምትጠብቅ ይመስል።
ጭኗ ላይ ፒንሳ፣ ቁራጭ ሻማ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሕፃናት ዚፕ የዘጋ እጅ።
«ምነው ቆምክ?» አለች። «የግራው ጥግ ቀርቷል።»

ኤልመር መሰላሉን አዞረው።
ወጣሁ።